የጣሪያ ገበር፤ ከሳር ቤት እስከ ለቡ መብራት ኃይል

ሰው ካፖርት ሲያሰፋ የላዩን ጨርቅ መርጦ ካበቃ በኋላ ልብስ ሰፊው «ገበሩስ ምን ይሁን?» ብሎ መጠየቁ የታወቀ ነው። ገበር የሌለው ካፖርት ምንም ያህል ቢያምር ብርድ የሚያስጥል እንዳይደለ ሁሉም ያውቃልና። ቤት ሲሠራ ግን ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ እምብዛም አንሰማም። የግድግዳው ቀለም፣ የመስኮቱ መስተዋት፣ የበሩ ቁልፍ ሁሉ በየተራው ይታሰባል፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ምን ይግባ የሚለው ነገር ግን ቤተ ሰቡ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ የመጀመሪያው ክረምት ወይም የመጀመሪያው የኅዳር ሌሊት ሲመጣ የሚነሣ ነው። ስለዚህ ለዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ ለክቡራንና ለክቡራት አንባቢዎቻችን ያዘጋጀነው ስለዚሁ ስለ ጣሪያ ገበር፣ ይልቁንም ስለሚያገባው ሠራተኛ ምርጫ ነው።

ለመጻፍም ምክንያት የሆነን አንድ ጡረታ የወጡ ወዳጃችን ናቸው። በለቡ መብራት ኃይል ያለው ቤታቸው ኮርኒሱ ስላረጀ አፍርሰው ሊያሳድሱት ቈርጠዋል፤ በዚያው ወጪ ከብርድ፣ ከፀሐይና ከዝናብ ጩኸት የሚጠብቅ ገበር ሊያስገቡበት ፈልገዋል። ገንዘቡን ያገኙት እመቤቲቱ ብዙ ጊዜ ከጣሉት ዕቁብ ስለ ሆነ ሁለተኛ የሚወጣ ዕጣ የለም። እኛም ውል ማንበብ የዕለት ሥራችን መሆኑን ስለሚያውቁ፣ መጥተን ነገሩን እንድናይላቸው ስለ ላኩብን በጥር ወር በአንድ ቅዳሜ ጧት ጕዞ ጀመርን።

መንገዳችን ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በሳር ቤትና በመካኒሳ በኩል ወደ ደቡብ የሚያወርድ ነው። ሳር ቤት የሚባለው ሰፈር ዛሬ በሕንፃ የተሞላ ስለ ሆነ አንድ የሳር ክዳን ለመድኃኒት ቢፈለግ የሚገኝበት አይመስልም፤ ስሙ ግን አልቀረም። እኛም በመኪና ስናልፍ ይህን ስም ባሰብነው ጊዜ፣ ልናየው የምንሄደው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በዚህ ስም ውስጥ ያለ ሆኖ አገኘነው። ምክንያቱም የቀድሞ ሰዎች ቤታቸውን በሳር ሲከድኑ ክዳኑና ገበሩ አንድ ነበረ። አንድ ስንዝር ያህል ውፍረት ኖሮት በደንብ የተከደነ ጎጆ ቀን ፀሐዩን፣ ሌሊት ብርዱን የሚከለክለው በሳሩ መካከልና በአገዳው ውስጥ አየር ታስሮ ስለሚቀር ነው። አየር ሳይንቀሳቀስ በአንድ ቦታ ከተያዘ ሙቀትን ከማያሳልፉት ነገሮች ሁሉ ከፊተኞቹ የሚቈጠር ነው። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጕር የሚሠራው ዝተት፣ የዶርዜ ሰው በቀርከሃ ጠልፎ በቅጠል የሚከድነው ረጅም ቤት፣ የሞንጎልያ ዘላኖች በሱፍ ምንጣፍ የሚጠቀልሉት ድንኳን፣ ሁሉም የሚሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠውም የሙቀት መከላከያ ሁሉ ስሙ ቢለያይ፣ ዋጋውም ቢወደድ፣ ገዢው የሚከፍለው ለታሰረ አየር ነው።

አዲስ አበባም ራሷ ከብርድ በሽሽት የተገኘች ከተማ ናት ቢባል ከእውነት አይርቅም። ዳግማዊ ምኒልክ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በእንጦጦ ተቀምጠው ሳለ፣ እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃውን አካባቢ ስለ ወደዱት በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ታች ወረደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት በማለቁ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ባይተከልና ባይለመድ ኖሮ ምናልባት ይህን ጽሑፍ ስለ ሌላ ከተማ እንጽፍ ነበር።

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮ በርካሽና በብዛት የሚመጣበት መንገድ ተከፈተ። ቆርቆሮን የምንነቅፍ አይምሰል። ሳር በእሳት ይያያዛል፤ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፤ አይጥና ምስጥ ያስጠጋል፤ ሣሩም ከከተማው እየራቀ ሄደ። ቆርቆሮ ግን አይነድም፤ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ የዝናቡንም ውሃ ንጹሕ አድርጎ ለበርሜል ያቀብላል። አባቶቻችን መምረጣቸው ትክክል ነበር። ዳሩ ግን ሳሩ ሲነሣ ክዳኑ ብቻ የተነሣ መሰለን እንጂ ገበሩም አብሮ እንደ ሄደ ልብ አላልነውም። የብረት ቆርቆሮ ሙቀትን ለማሳለፍ ካለው ፈቃደኝነት የተነሣ፣ በፎም ከተያዘ አየር ጋር ሲመዛዘን ከሺህ እጥፍ የሚበልጥ ያሳልፋል። ከሥሩ የሚወጠረው የአቡጀዲ ወይም የቺፕውድ ኮርኒስ አቧራውን ይይዛል፤ ለዓይንም ያምራል፤ ለብርድ ግን ስስ ነጠላ እንደ መደረብ ነው።

ለቡ የሚገኘው በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከከተማው በስተ ደቡብ፣ የፉሪ ተራራ በሚታይበት ሜዳ ላይ ነው። ነፋስ ስልክ ማለት በቀድሞው አነጋገር ያለ ሽቦ የሚሠራ ስልክ ማለት ሲሆን፣ መብራት ኃይል ደግሞ ሕዝቡ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱን የሚጠራበት ስም ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ የቆመ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ቢከፈልም ሰው እስከ ዛሬ መብራት ኃይል ማለቱን አልተወም። እንግዲህ አንዱ ሰፈር ሽቦ በሌለው ስልክ፣ በውስጡ ያለው መንደር ሽቦ ባለው መብራት መጠራቱ ነው። ወደ ጂቡቲ የሚሄደውም አዲሱ ባቡር መነሻው በዚሁ አካባቢ ያለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው፤ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ስለ ሆነ የፊተኛው ባቡር ከገባ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት መሆኑ ነው።

በመንደሩ ውስጥ በእግራችን ስንዘዋወር በየግቢው ያየነው ጣሪያ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው። አንዳንዱ ዝጎ ቀይ ሆኗል፤ አንዳንዱ ኢጋ የሚባለው ባለ ቀለም ነው፤ ባለ ፎቆቹም ቢሆኑ ከአርማታው በላይ ቆርቆሮ ደፍተዋል። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና እየሞቀች ሳለ ከብዙዎቹ ጣሪያ ጠርዝ ዝናብ ሳይዘንብ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ይህ በበጋ ወራት የሚታይ ነገር ምስጢር የለበትም። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከዙሪያው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ ያለው እርጥበትም ጤዛ ሆኖ ይቋጥርበታል። ጤዛው በውጭ ብቻ ቢሆን ጕዳት አልነበረም። ነገር ግን ሌሊቱን የተኛ ሰው እስትንፋስና የወጥ ቤት እንፋሎት በኮርኒሱ ቀዳዳ ወጥቶ ከቆርቆሮው በታች ስለሚያርፍ፣ ተመልሶ በኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። በየቤቱ ኮርኒስ ላይ የሚታየው ቡናማ እድፍ ሁሉ የሚያፈስ ምስማር ብቻ ያመጣው አይደለም።

የወዳጃችን ቤት ርዝመቱ 9 ወርዱ 8 ሜትር የሆነ፣ በብሎኬት የተሠራ፣ አራት ክፍል ያለው ነው። እመቤቲቱ ቡና እስኪፈላ ድረስ የቤቱን ጠባይ በዝርዝር አስረዱን። ከሰዓት በኋላ በየካቲትና በመጋቢት ምዕራባዊው መኝታ ቤት ሙቀቱ ከላይ ስለሚጫን ሕፃን አያስተኛም። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የውጩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ በዚያው ክፍል የሚያድሩት አማታቸው ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው እስከ ንጋት ይንቀጠቀጣሉ። ከሁሉ የባሰባቸው ግን ክረምቱ ነው። «ዝናብ ሲመጣ በዚህ ቤት ጸሎት እንኳ የሚሰማው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ልጆቹን ላስጠና ብዬ ጕሮሮዬ ነቃ» አሉን። አማቲቱም ከጥግ ሆነው «እኔ ያደግሁበት ቤት ሳር ነበረ፤ በረዶ ቢወርድ እንኳ ውጭ ወጥተን ስናይ ነበር የምናውቀው» ሲሉ ጨመሩበት።

እንግዲህ ምን ይግባበት? በገበያው ያለው ብዙ ነው። ነጩ ፎም ቀላል ነው፤ ለመቍረጥም ይመቻል፤ ሙቀትም በደንብ ይከለክላል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ወደ 2 ሜትር ከሚጠጋ ድፍን የአርማታ ግድግዳ ጋር የሚስተካከል ነው። ነገር ግን የዝናብን ጩኸት እምብዛም አይውጥም፤ በእሳትም ጊዜ ቀልጦ ጥቍርና መርዘኛ ጢስ እያወጣ ይነድዳል። አይጥም ገብቶ ሲቦረቡረው ያየነው ነው። የሚያብለጨልጨው የአልሙኒየም ፎይል ከጋለው ቆርቆሮ የሚወርደውን ግለት መልሶ በማንጸባረቅ ለከሰዓቱ ሙቀት ይረዳል፤ ይህንም የሚያደርገው ከፊቱ ባዶ ቦታ ሲቀመጥለት ነው፤ ለብቻው ግን ለሌሊት ብርድ ስስ ነው፤ ኤሌክትሪክንም ያሳልፋል፤ ስለዚህ ጠባዩ ከዚህ በታች እንመለስበታለን። ሦስተኛው ከቀለጠ ድንጋይ ወይም ከቀለጠ መስተዋት እንደ ጥጥ ተፈትሎ የሚሠራው ነው፤ ነጋዴዎች ሮክ ውልና ፋይበር ግላስ ይሉታል። ይህ አይነድም፤ ጩኸትንም ይውጣል። ጕድለቱ ከረጠበ ጥቅሙን ማጣቱ፣ ሲዘረጋም ብናኙ ቆዳና ጕሮሮ ማሳከኩ ነው፤ ሠራተኛው ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና የዓይን መነጽር ያስፈልገዋል። ከድሮ የቀረ አስቤስቶስ ያለበት ክዳን ወይም ኮርኒስ ቢገኝ ግን ማንም እንዳይሰብረው፣ እንዳይቈርጠው፤ በብዙ አገር የተከለከለው ብናኙ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ስለ ሆነ ነው።

የእኛ ፍርድ ለዚህ ቤት ወደ ሦስተኛው ያዘነብላል። የቤቱ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ያመረሩት በጩኸቱ ስለ ሆነ፣ በኮርኒሱ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ሱፍ ቢነጠፍ ሦስቱንም ችግር ባንድ ጊዜ ያቃልላል። ሱፉን ግን ጨቍኖ ማስገባት አይገባም፤ እንደ ተረገጠ ፍራሽ አየሩን ያጣል። ቀዳዳም እየተወ የሚሄድ አነጣጠፍ ዋጋ የለውም። በቆርቆሮውና በሱፉ መካከል ነፋስ የሚተላለፍበት ክፍተት ይተዉ፤ በሁለቱም የጣሪያ ጫፍ ወንፊት የተመታበት መተንፈሻ ይኑር፤ ያን ጊዜ ጤዛው ሳያጠራቅም ይደርቃል፤ አይጥም መግቢያ አያገኝም። ወዳጃችን ግድግዳውንም ልናስለብሰው ይገባ ይሆን ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር። አይገባም አልናቸው። አገራችን እንደ ስዊድን እሳት በቤት ውስጥ ወራት ሙሉ የሚነድድበት አይደለም። ቀን ሞቃት ሌሊት ብርድ በሆነበት ደጋ ከባድ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ተቀብሎ ለሌሊት ስለሚያቈየው ወዳጅ ነው፤ ብሎኬቱም ከስምጥ ሸለቆ በሚወጣው ፑሚስ የተሠራ ከሆነ በውስጡ ብዙ አየር አለበት። ገንዘቡ ይልቅ ከላይ ይዋል፤ ከተረፈም የበሩን ሥር ስንጥቅ መድፈንና ወፍራም መጋረጃ መስቀል ይበቃል።

ስንጥቅ መድፈን ስንል ግን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደም በእጃችን ይሆናል። ብርድን ሸሽቶ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ በከሰል ማንደጃ አጠገብ የተኛ ቤተ ሰብ ሳይነቃ መቅረቱ በከተማችን ተደጋግሞ የተሰማ ኀዘን ነው። ከከሰል የሚወጣው ገዳይ አየር ሽታም ጢስም የለውም፤ ሰውየውን የሚይዘው በእንቅልፍ መስሎ ነው። ቤት ገበር ከገባለት በኋላ ስንጥቁም ከተደፈነ የሚያድን ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ የግድግዳው መተንፈሻ በምንም ምክንያት አይደፈን፤ የከሰል ምድጃም ቡና ተጠጥቶ እንዳበቃ ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከሰው ጋር አይደር። እመቤቲቱም ይህን ስንናገር ሰምተው ወዲያው በመኝታ ቤቱ መተንፈሻ ላይ በብርድ ጊዜ የተወተፈውን ጨርቅ በገዛ እጃቸው ነቅለው ጣሉት።

ወደ ሠራተኛው ምርጫ እንምጣ። ከሁለት ተጫራቾች አንደኛው አንድ ድርጅት ነው፤ ስሙን መጥራት አያሻም። የቤቱን ስፋት በስልክ ጠይቆ፣ ሰው ሳይልክ፣ በሚያምር ወረቀት ዋጋውን ጽፎ ልኮ ነበር። ወረቀቱን ብናነበው «ዘመናዊ የሙቀት መከላከያ ማቅረብና መግጠም» ይላል፤ ከምን የተሠራ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር፣ በየት በኩል የሚዘረጋ እንደ ሆነ አንድም ቃል የለበትም። ከዋጋውም ሰባ በመቶው ሥራው ሳይጀመር እንዲከፈል ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ወረቀት በችሎት ፊት ሲቀርብ ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ብዙ ጊዜ ስላየን ለወዳጃችን መልሰን አጥፈን ሰጠናቸው።

ሁለተኛው በዕድሜ የገፉ አናጢ ናቸው፤ ከአንድ ወጣት ረዳት ጋር እኛ ባለንበት ሰዓት መጡ። ወጣቱ መሰላሉን ዘርግቶ በኮርኒሱ መግቢያ ሊወጣ እግሩን ሲያነሣ አናጢው «ቆይ አንተ! መብራቱ ሳይጠፋ ወዴት ነው የምትወጣው?» ብለው ጮኹበትና ወደ ባለቤቱ ዞረው «ጌታዬ፣ ቆጣሪው በየት በኩል ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ዋናው ማጥፊያ ከወረደ በኋላም ረዳቱን አላስወጡትም፤ ራሳቸው በባትሪ መብራት ገብተው ሩብ ሰዓት ያህል ቈዩ። ሲወርዱም የነገሩን ይህ ነው። ሁለት ቦታ ሽቦው ልባሱ ተልጦ መዳቡ ይታያል፤ አንድ መጋጠሚያ በፕላስቲክ ብቻ ተጠቅልሏል፤ በሳሎኑ ኮርኒስ የተቀበሩት ትንንሽ መብራቶች ከላያቸው ገበር ከተነጠፈባቸው ግለታቸው መውጫ ያጣል። «ስለዚህ እትዬ፣ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይግባ፤ እኔ ከእሱ በኋላ ነኝ» አሉ። ሥራ ፈላጊ ሰው ሥራውን ለሌላ አስቀድሞ ሲሰጥ ማየት ብዙ የማያጋጥም ስለ ሆነ በወረቀት ከተጻፈ ምስክርነት ይልቅ ይህ አረካን።

የአናጢው ጥንቃቄ የተጋነነ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር በአውስትራልያ የሆነውን ይስማ። የዚያ አገር መንግሥት የዓለም የገንዘብ ችግር በተነሣ ጊዜ ለሥራ አጦች ሥራ፣ ለቤቶችም ሙቀት ይገኛል ሲል በ2001 ዓ.ም. ለሕዝቡ የጣሪያ ገበር በመንግሥት ወጪ ማስገባት ጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤቶች ገበር ገባላቸው። ገንዘቡ በብዛት ስለ ፈሰሰ ግን ትናንት ሌላ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዛሬ ገበር አስገቢ ሆነ፤ ያልሠለጠኑ ወጣቶችም ያለ ተቈጣጣሪ ወደ ጣሪያ ሥር ተላኩ። አራቱ ሞቱ። ሦስቱን የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነው፤ አንዱን በጣሪያው ሥር የነበረው ሙቀት። ከአራቱ አንዱ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ፎይሉ በብረት ማያያዣ ሲመታ ተደብቆ ያለ ሽቦ መውጋቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ የቤት ቃጠሎም ከ200 በላይ ተቈጠረ፤ ከነዚህ መካከል በጋለ መብራት ላይ ገበር መደፋቱ ያመጣቸው ነበሩ። መንግሥቱ በየካቲት 2002 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የመርማሪ ኮሚሽኑ ሪፖርት ሞቱ ሊቀር ይችል እንደ ነበር ገለጸ። የሚነድድ ገበር የሚያመጣውንም ጥፋት በሎንዶን ከተማ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በግሬንፌል ሕንፃ ላይ የደረሰው ቃጠሎ አሳይቷል፤ ሕንፃውን ለማሞቅና ለማሳመር ከውጭ የለበሰው ልባስ እሳቱን ወደ ላይ አዛምቶት 72 ሰዎች ሞቱ። በሀብታም አገር፣ መሐንዲስና መቈጣጠሪያ በሞላበት ይህ ከሆነ፣ በእኛ ሰፈር ኮርኒስ ውስጥ ለሚገባው ወጣት ረዳት ማን እንደሚያስብለት ባለቤቱ ራሱ መጠየቅ አለበት።

ዋጋው ላይ ከተስማሙ በኋላ ውሉን እንድናረቅ ተጠየቅን፤ ለሌሎችም ይጠቅም እንደ ሆነ ዋና ዋናውን እንጽፋለን። የሚገባው ነገር በዓይነቱና በውፍረቱ ተጻፈ፤ ስፋቱም 72 ካሬ ሜትር ተባለ። ሽቦው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተፈትሾ ሳይጠገን ገበሩ እንዳይነጠፍ፣ በሥራው ቀን ሁሉ ዋናው ማጥፊያ ወርዶ እንዲቈይ፣ ረዳቱም ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳያደርግ እንዳይገባ ተጻፈ። ክፍያው በሦስት ተከፈለ፤ አንደኛው ዕቃው ግቢ ሲደርስ፣ ሁለተኛው ገበሩ ተነጥፎ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ባለቤቱ ወጥተው ካዩት በኋላ፣ የቀረው ሥራው ሲያልቅ ነው። ኮርኒሱ ከተዘጋ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ ማፍረስ ያስፈልጋልና የመካከለኛዋን ክፍያ አጥብቃችሁ ያዙ።

ስለ መጀመሪያው ክፍያ አንድ የቃል ነገር አለ። ሕዝባችን አስቀድሞ የሚሰጠውን ገንዘብ ሁሉ ቀብድ ይለዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለቀብድ የራሱን ትርጕም ሰጥቶታል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ገንዘቡን ለቅቆ ውሉን መተው ይችላል፤ ተቀባዩም እጥፉን ከፍሎ መተው ይችላል። ሥራው እንዲፈጸምለት እንጂ እንዲፈርስለት ለማይፈልግ ሰው «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል። ይኸው ሕግ በቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ስለ ሥራው ደህንነት ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ይህንም ዘመን የሚያሳጥር ስምምነት ዋጋ የለውም። ኮርኒስ መለወጥ በዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚል ክርክር ጠበቆች ሊያነሡ ስለሚችሉ፣ እኛ ለገበሩና ለኮርኒሱ ሥራ የአምስት ዓመት ዋስትና በግልጽ እንዲጻፍ አድርገናል፤ በሕጉ የሚገኘው መብትም እንደ ተጠበቀ ነው የሚል ሐረግ አክለንበታል። አናጢውም አነበቡት፤ «ወንፊቱ ላይ አይጥ ቢገባ እሱም በእኔ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ በሁለቱ ሳቅ መካከል ለአንድ ዓመት በእርሳቸው እንዲሆን ተስማሙ።

የሥራው መጀመሪያ የካቲት አጋማሽ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ እንዲሆን ተወሰነ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ይገባል። አማቲቱ ለእነዚያ ቀናት በጎረቤት ቤት ያድራሉ። ለውሉ ሁለት ምስክር ያስፈልግ ስለ ነበረ አንዱ እኛ ሆንን፤ ሁለተኛውን እኒያው ጎረቤት ፈረሙ፤ ፈርመው እንደ ጨረሱም አናጢውን «ወንድሜ፣ የእኔንም ጣሪያ ለክተህልኝ ሂድ» ብለው በቡና ሰዓት ይዘዋቸው ወጡ፤ ረዳቱም መሰላሉን ተሸክሞ ተከተላቸው።